መኪናው ያለ ሾፌር ሲሄድ ሕጉን የሚነዳው ማን ነው?

ሕግ ከሰማይ አይወርድም። የምርት ኃይሎች የደረሱበትን ደረጃ፣ የማምረቻና የማጓጓዣ መሣሪያዎችን በእጃቸው ያደረጉ ወገኖች ያላቸውን ጥቅምና ጉልበት፣ እንዲሁም በላባቸው የሚያድሩ ወገኖች ያካሄዱትን ትግል ተከትሎ የሚረቀቅ፣ የሚጸድቅና የሚሻሻል ነው። ይህ እውነት ስለ መሬት፣ ስለ ደመወዝና ስለ ቤት ኪራይ በወጡ ሕጎች ላይ ሲታይ ለሰፊው ሕዝብ እንግዳ አይደለም። ስለ መኪና በሚወጡ ሕጎች ላይ ግን ብዙ ጊዜ ተሸፍኖ ያልፋል። የመኪና ሕግ የባለሙያ ጉዳይ፣ የፍሬንና የመብራት፣ የሰሌዳና የመንጃ ፈቃድ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ይቆጠራል።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት በአሜሪካ በፊኒክስና በሳን ፍራንሲስኮ፣ በቻይና በውሃን ከተሞች፣ መሪያቸውን የሚጨብጥ ሰው የሌላቸው መኪናዎች ሒሳብ እየተቀበሉ መንገደኛ ማመላለስ ጀምረዋል። ዓይናቸው ካሜራ፣ ራዳርና የብርሃን ጨረር ነው፤ የሚያስቡት በኮምፒዩተር ነው። የሐይቅ ከተማ ነዋሪ ወይም የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኛ ይህን ሲሰማ «ይህ እኛን ምን አገባን?» ቢል አይፈረድበትም። ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅ በኩል አልፎ፣ በአምባሰል ምድር ውጫሌን አቋርጦ ወደ ወልድያ በሚዘልቀው መንገድ ላይ በየዕለቱ የሚታየው ጭነቱን ከልክ በላይ ያከመረ ሲኖትራክ፣ ሰው የጠቀጠቀ ሚኒባስ፣ ባጃጅ፣ ጋሪ፣ አንዳንዴም መንገዱን እንደ ራሱ ግቢ የሚቆጥር የከብት መንጋ ነው። ያለ ሾፌር የሚሄድ መኪና እዚህ መንገድ ላይ ነገ ጠዋት አይታይም።

ይሁን እንጂ መኪናው ከመድረሱ በፊት የሚደርስ አንድ ነገር አለ። እርሱም ቃሉ ነው። «ሾፌር» ማለት ምን ማለት ነው? «ነዳ» የሚባለው ማን ነው? «ጥፋተኛ» የሚባለውስ? ለእነዚህ ቃላት ትርጉም የሚሰጡ ሰዎች ዛሬ በጄኔቭ፣ በለንደን፣ በበርሊንና በሳክራሜንቶ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። የአንድ ቃል ትርጉም በሌላ እጅ ሲገባ ምን እንደሚከተል ደግሞ ከአምባሰል ሰው የበለጠ የሚያውቅ ያለ አይመስለንም።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ በኢትዮጵያና በኢጣሊያ መካከል የተፈረመው ውል በዐሥራ ሰባተኛው አንቀጹ ሁለት ፊት ነበረው። (የውጫሌ አንባብያን ይህን ታሪክ ለመቶኛ ጊዜ ስለምናሰማቸው ይቅርታ እንጠይቃለን።) በአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት መጠቀም ይቻላቸው ነበር፤ ቢፈልጉ፣ ቢመቻቸው ማለት ነው። በኢጣሊያንኛው ግን ፈቃዱ ወደ ግዴታ ተለወጠ። ከዚህ አንዲት ግሥ ተነሥታ ሮማ ኢትዮጵያን በጥበቃዬ ሥር አድርጌያለሁ ብላ ለአውሮፓ አስታወቀች። ቃሉን ወደ ቦታው ለመመለስ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ብዙ ደም መፍሰስ ነበረበት።

አሁን ወደ መኪናው እንመለስ።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 8 ቀን 1968 በቪየና የመንገድ ትራፊክ ዓለም አቀፍ ስምምነት ተፈረመ። ስምንተኛው አንቀጹ የሚጀምረው ቀላል በሆነ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ተንቀሳቃሽ ተሽከርካሪ ሁሉ ሾፌር ሊኖረው ይገባል ይላል። ዝቅ ብሎም አጋሰስና የቀንድ ከብትም ነጂ እንዲኖራቸው አገሮች በሕጋቸው ቢደነግጉ መልካም ነው ሲል ይመክራል። ለአርባ ዓመታት ያህል ይህን ዐረፍተ ነገር የተጠራጠረ አልነበረም። መኪና ያለ ሾፌር እንዴት ይሄዳል? ሆኖም የመኪና ፋብሪካዎች መሪውን ከሰው እጅ ወስደው ለኮምፒዩተር የመስጠት ችሎታ እያዳበሩ ሲመጡ ያ ዐረፍተ ነገር እንቅፋት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2014 ጀርመን፣ ፈረንሣይና ኢጣሊያ የሚገኙባቸው የመኪና አምራች አገሮች ማሻሻያ አቀረቡ፤ ማሻሻያው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 ሥራ ላይ ዋለ። ሾፌሩ ሊያጠፋው ወይም ሊሽረው እስከቻለ ድረስ መሣሪያው መኪናውን ቢነዳ ስምምነቱን አይጥስም ተባለ። ይህም አልበቃም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 14 ቀን 2022 ሥራ ላይ የዋለ ሌላ ተጨማሪ አንቀጽ፣ መኪናው የአገሩን ቴክኒካዊ ደንብና የአገሩን ሕግ በሚያሟላ ራስ-ነጂ መሣሪያ የሚሄድ ከሆነ ሾፌር የመኖሩ ግዴታ እንደ ተፈጸመ ይቆጠራል አለ።

«ይቆጠራል» የምትለውን ቃል አንባቢው ልብ እንዲላት እንሻለን። ሾፌሩ የለም፤ ግን እንዳለ ይቆጠራል። የሕግ ሰዎች እንዲህ ዓይነቱን ነገር የሕግ ግምት ይሉታል፤ በራሱ ኃጢአት የለበትም። ጥያቄው የሚመጣው እንዳለ የሚቆጠረው ሾፌር ሰው ሲገጭ ነው። ሥጋና ደም የሌለው ሾፌር ወደ የትኛው ፖሊስ ጣቢያ ይወሰዳል?

የመኪናና የሕግ ግንኙነት ከመጀመሪያውም ቀጥተኛ አልነበረም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1865 የወጣ ሕግ በመንገድ ላይ በእንፋሎት የሚሄዱ ሞተሮች በገጠር በሰዓት ከ4 ማይል፣ በከተማ ከ2 ማይል እንዳይፈጥኑ ከልክሎ፣ ቀይ ባንዲራ የያዘ ሰው በፊታቸው በእግሩ እንዲሄድ አዘዘ። ዛሬ ይህ ያስቃል። ከግማሽ ምዕት ዓመት በፊት ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1812፣ የዚያው አገር ፓርላማ የሽመና መኪና የሰበረ ሠራተኛ በሞት እንዲቀጣ መደንገጉ አያስቅም። አንዱ ሕግ መኪናውን ከሰው ጠበቀ፤ ሌላው ሰውን ከመኪናው ጠበቀ። የትኛው በየትኛው ዘመን እንደሚወጣ የሚወስነው በጊዜው የማን ድምፅ እንደተሰማ ነው።

የዘመናችን የራስ-ነጂ መኪና ሕግ የተወለደው በአሜሪካ በረሃ ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2011 የኔቫዳ ክፍለ ግዛት እንዲህ ያሉ መኪናዎች በመንገዱ ላይ እንዲሄዱ የሚፈቅድ የመጀመሪያውን ሕግ አወጣ። ሕጉ እንዲወጣ ያግባባው፣ ለዚሁም ጉዳይ አስፈጻሚ የቀጠረው መኪናውን ይሠራ የነበረው የጉግል ኩባንያ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት በግንቦት የመጀመሪያውን የሙከራ ሰሌዳ ያገኘውም ራሱ ነው። ካሊፎርንያ ተከተለች። እ.ኤ.አ. መስከረም 25 ቀን 2012 አገረ ገዢው ጄሪ ብራውን የካሊፎርንያን ሕግ ፈረሙ። የተፈረመው የት እንደ ሆነ አንባቢው ሊገምት ይችላል፤ በምክር ቤቱ አዳራሽ ወይም በአገረ ገዢው ጽሕፈት ቤት አልነበረም። የተፈረመው በማውንቴን ቪው በጉግል ዋና መሥሪያ ቤት ውስጥ ነበር። እኛ ስለ ካፒታልና ስለ መንግሥት ግንኙነት ብዙ ዐምዶች ጽፈናል፤ ይህን የመሰለ ግልጽ ማስረጃ ግን ራሳችን ፈልገን አናገኝም ነበር።

ኔቫዳና ካሊፎርንያ ቢያንስ ሕግ አወጡ። አሪዞና ይህንንም አላስፈለጋትም። አገረ ገዢው ዳግ ዱሲ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2015 ባወጡት ትእዛዝ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 ካሊፎርንያ፣ ያለ ፈቃድ ልሞክር ያለውን የኡበር ኩባንያ የ16 መኪናዎች ምዝገባ ስትሰርዝ፣ ኩባንያው መኪናዎቹን ጭኖ ወደ አሪዞና አቀና፤ በአቀባበልም ተስተናገደ። አንዱ አገር ቁጥጥር ሲያጠብቅ ካፒታል ወደሚላላበት መሸሹ አዲስ ነገር አይደለም።

ከአንድ ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 18 ቀን 2018 ምሽት፣ በቴምፒ ከተማ አንዲት የ49 ዓመት ሴት ብስክሌቷን እየገፋች አስፋልቱን ስታቋርጥ ከእነዚህ መኪናዎች አንዱ ገጭቶ ገደላት። በራስ-ነጂ መኪና ተገጭቶ ሕይወቱን ያጣ የመጀመሪያው እግረኛ እርሷ ናት። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በቀጣዩ ዓመት ኅዳር ያወጣው ውሳኔ ለማንበብ የሚከብድ ነው። መኪናው ሴትዮዋን ከመግጨቱ 5.6 ሰከንድ በፊት አይቷታል። ነገር ግን አንዴ ተሽከርካሪ ናት፣ አንዴ ሌላ ነገር፣ አንዴ ብስክሌት ናት እያለ ስሟን ሲለዋውጥ ጊዜው አለቀ። እግረኛ ናት ማለት አልቻለም፤ ምክንያቱም የመሣሪያው ሥሪት እግረኛን ከዜብራ ውጭ ይገኛል ብሎ አይጠብቅም ነበር። መኪናው ከፋብሪካ ይዞት የመጣው የድንገተኛ ማቆሚያም በራስ-ነጂው አሠራር ጊዜ እንዳይሠራ ተደርጎ ነበር።

የሐይቅና የአካባቢዋ ሰው ይህን ሲያነብ ምን እንደሚል እናውቃለን። እኛ አገር ከዜብራ ውጭ የማይገኝ እግረኛ ማን ነው? ከሐይቅ ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ስንት ዜብራ አለ? በገበያ ቀን ጀርባዋ ላይ እንጨት፣ እጇ ላይ ዶሮ፣ ጎኗ ላይ ልጅ ይዛ የምትሻገረውን እናት ያ ኮምፒዩተር ምን ብሎ ይሰይማት ነበር?

የቴምፒው ነገር በዚህ አያበቃም፤ ለሠራተኛው የሚበጀው ትምህርት ከዚህ በኋላ ነው። በመኪናው ውስጥ መሪውን ሳትይዝ መንገዱን እንድትከታተል ደመወዝ የሚከፈላት ሠራተኛ ነበረች። በዚያች ሰዓት ዓይኗ ስልኳ ላይ ነበር፤ ይህን ማስተባበል አይቻልም። ሆኖም ከጥቂት ወራት በፊት በእያንዳንዱ መኪና ውስጥ ሁለት ሠራተኞች ይቀመጡ ነበር። ኩባንያው ሁለቱን አንድ አደረጋቸው። ለሰዓታት ምንም ሳይነካ፣ ምንም ሳይሠራ፣ ነገር ግን በሰከንድ ውስጥ ለመንቃት ተዘጋጅቶ እንዲቀመጥ የሚታዘዝ ሰው ምን ያህል ሊነቃ እንደሚችል የሌሊት ዘበኛ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ቦርዱም የኩባንያውን የደኅንነት አያያዝና የአሪዞናን ልል ቁጥጥር ከምክንያቶቹ መካከል ቆጥሯቸዋል። ዐቃቤ ሕግ ግን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 ኩባንያውን በወንጀል የሚያስጠይቅ መሠረት የለም አለ። የተከሰሰችው ሠራተኛዋ ናት። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 ሰውን ለአደጋ በማጋለጥ ጥፋተኛነቷን አምና የሦስት ዓመት ገደብ ተፈረደባት።

እንግዲህ ልብ እንበል። ሲመሰገን «ራሱን የሚነዳ መኪና» የተባለው መሣሪያ፣ ሰው ሲገድል ድንገት ሾፌር ተገኘለት። ያውም በደመወዝ የምትተዳደር ሾፌር።

ሁሉም አገር ግን በአሪዞና መንገድ አልሄደም፤ ይህን አለመናገር አድልዎ ይሆናል። ጀርመን የፍልስፍና፣ የሕግና የቴክኒክ ሰዎች የተሰበሰቡበት የሥነ ምግባር ኮሚሽን በቀድሞው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ዳኛ በኡዶ ዲ ፋቢዮ ሰብሳቢነት አቋቁማ፣ ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 ሃያ መመሪያዎች አወጣ። ከእነዚህ አንዱ፣ አደጋ የማይቀር ቢሆን እንኳ መሣሪያው ሰዎችን በዕድሜ፣ በጾታ ወይም በአካል ሁኔታ እየለየ ማንን ልትረፍ ማንን ልጣ እንዳይል ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የጀርመን ሕግ ደግሞ መሪው ላይ ሰው የሌለበትን መኪና ከርቀት የሚከታተል፣ ማቆምም የሚችል የቴክኒክ ተቆጣጣሪ ሰው እንዲኖር ያዛል። እንግሊዝ ረጅሙን መንገድ መርጣለች። የሕግ ኮሚሽኖቿ ከ2018 ጀምረው ሦስት ጊዜ የሕዝብ አስተያየት ጠይቀው በ2022 የመጨረሻውን ሪፖርት አቀረቡ፤ ሕጉም እ.ኤ.አ. ግንቦት 20 ቀን 2024 ጸደቀ። ይህ ሕግ ጥንቁቅና ብቁ ከሆነ ሰው ሾፌር ያላነሰ ደኅንነት ይጠይቃል፤ መኪናው ራሱን በሚነዳበት ሰዓት ስለ አነዳዱ ተጠያቂው ውስጥ የተቀመጠው ሰው መሆኑ ቀርቶ ፈቃድ ያወጣው ድርጅት ነው ይላል። የቴምፒዋ ሠራተኛ በዚህ ሕግ ሥር ብትሆን ኖሮ ክርክሩ ሌላ መልክ በያዘ ነበር።

ካሊፎርንያም ብትሆን ከስሕተት እየተማረች ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2 ቀን 2023 በሳን ፍራንሲስኮ የክሩዝ ኩባንያ ሾፌር አልባ ታክሲ በሌላ መኪና ተገጭታ የወደቀችን መንገደኛ 6 ሜትር ያህል ከጎተተ በኋላ የኩባንያው ፈቃድ ታገደ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ሕግ ደግሞ ሾፌር የሌለው መኪና የትራፊክ ደንብ ሲጥስ ፖሊስ የጥሰት ማስታወቂያውን ለአምራቹ እንዲሰጥ ወሰነ፤ የሚጀምረውም ከሐምሌ 2026 ነው። እስከዚያ ድረስ ትራፊክ ፖሊሱ ሹፌር የሌለበትን መኪና አስቁሞ ክሱን በማን ስም ይጻፍ ብሎ ሲቸገር ነበር።

ስለ እንጀራው የተነሣው ጥያቄ ግን እንዲህ በቀላሉ መልስ አላገኘም። የካሊፎርንያ ከባድ መኪና ሾፌሮች ማኅበር በከባድ ራስ-ነጂ መኪናዎች ውስጥ የሠለጠነ ሰው እንዲቀመጥ የሚያስገድድ ረቂቅ ሁለት ጊዜ በምክር ቤት አሳልፎ፣ አገረ ገዢው ጋቪን ኒውሰም እ.ኤ.አ. በ2023 እና በ2024 ሁለት ጊዜ በተከታታይ ውድቅ አደረጉት። በቻይናዋ ውሃን እ.ኤ.አ. በ2024 በጋ ሾፌር አልባ ታክሲዎች በርካሽ ዋጋ ሲሠማሩ የታክሲ ሾፌሮች ቅሬታቸውን ለአካባቢው ባለሥልጣን አቅርበዋል። መሣሪያው የሰውን ድካም ማቃለሉ እሰየው የሚያሰኝ ነው። ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ በሚሌ በኩል ኮምቦልቻ እስኪደርስ ዓይኑ በእንቅልፍ የሚከደንበትን ሾፌር ያየ ሰው ይህን አይክድም፤ ይህን መስመር መኪና አንድ ቀን ሳይደክመው ቢነዳው ብዙ ሕይወት ይተርፋል። ጠባችን ከመሣሪያው ጋር አይደለም። ድካሙ ከሾፌሩ ሲነሣ ደመወዙም አብሮ ተነሥቶ ወደ ማን ኪስ ይገባል ነው የምንለው።

ወደ አገራችን ሕግ እንምጣ። የመጀመሪያው መኪና አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ወሎን ከሰሜኑ ጋር ያገናኘው የመኪና መንገድ በፋሺስት ወረራ ዘመን በጉልበት ተቆርጦ፣ ከነጻነት በኋላ በየጊዜው ታድሷል። ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀው፣ ፈረንሣዊው ፕሮፌሰር ረኔ ዳቪድ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ኮምፒዩተር አንድ ቃል የለውም። ነገር ግን ስናገላብጠው ከጠበቅነው በላይ አገኘንበት። ቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ እንስሳው ሳይታሰብ ቢያመልጠውም እንኳ። ቁጥር 2081 የባለ ሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳውም ጭምር። መኪናው ተሰርቆ እንደ ነበር ካስረዳ ነፃ ይወጣል። ቁጥር 2085 ደግሞ ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ ያቀረበ ሰው፣ ዕቃው በተለመደው አገልግሎቱ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት አምራቹን ኃላፊ ያደርጋል።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ይታያል። ሕጋችን ለበሬውና ለመኪናው ተመሳሳይ መልስ ሰጥቷል፤ የአንተ ከሆነና ጉዳት ካደረሰ አንተ ትከፍላለህ። ይህ ለተጎጂው ጥሩ መነሻ ነው፤ ሾፌሩ ሰው ይሁን ኮምፒዩተር የተጎዳው ሰው የሚጠይቀው ባለቤት አለው። ጭንቁ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ባለቤቱ በብድር አንድ ሚኒባስ የገዛ የሐይቅ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ስሕተቱ ግን በውቅያኖስ ማዶ በሚገኝ ኩባንያ ሶፍትዌር ውስጥ ነው። በቁጥር 2085 ያንን ኩባንያ ከሶ ለማቅረብ የደሴ ፍርድ ቤት መጥሪያውን ለማን ይሰጣል? በሬ ሲዋጋ የቱ በሬ እንደሆነ ምስክር ይገኛል። ሶፍትዌር ሲሳሳት ምስክሩ ራሱ በኩባንያው እጅ የተቆለፈ መዝገብ ነው። በእኛ እምነት፣ ወደፊት በዚህ ጉዳይ የሚወጣ ማንኛውም ሕግ ከምንም በፊት ያንን መዝገብ የማስከፈት ሥልጣን ለአገር ውስጥ መርማሪና ለተጎጂው ሊሰጥ ይገባል።

የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 የተገነባው ዕድሜው፣ ጤንነቱና የትምህርት ደረጃው በሚመረመር ሰው ላይ ነው። ለኮምፒዩተር ዕድሜ መጠየቅ አይቻልም። የሦስተኛ ወገን የመድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ደግሞ ሲወጣ ሌላ ነገር ያሳየናል፤ ለሰው ሞት የሚከፈለውን ካሳ ከ40 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ሲወስን፣ ለንብረት ጉዳት ግን እስከ 100 ሺህ ብር ፈቅዶ ነበር። ምናልባት ረቂቁን ያዘጋጁት ባለሙያዎች የሒሳብ ምክንያት ነበራቸው። ነገር ግን በዚያ ቀመር፣ አንድ እረኛ ከሚሞት የአንድ ሀብታም መኪና ቢጨፈለቅ የመድኑ ጣሪያ ከፍ ይላል። እንዲህ ያለው ነገር የሚያልፈው ረቂቁ ሲነበብ እረኛው ወይም የእረኛው አባት በአዳራሹ ስላልነበሩ ነው።

መንገዱን የሚያውቁ ሰዎች በአዳራሹ ሳይኖሩ ሕግ ሲወጣ ውይይቱ መንገድ ላይ ይሆናል። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በነዳጅ ዋጋ ጭማሪ ምክንያት ሥራ አቁመው፣ ከመምህራኑ ጋር የአብዮቱን በር ካንኳኩት መካከል ነበሩ። የካቲት 21 ቀን 2008 ዓ.ም. ደግሞ የታክሲ ነጂዎች በጥፋት ነጥብና በመንጃ ፈቃድ እገዳ ላይ ቅጣትን ያጠበቀውን ደንብ በመቃወም ሥራ አቆሙ፤ አፈጻጸሙም ለሦስት ወር ተላለፈ። ደንቡ በራሱ መጥፎ ነበር አንልም፤ በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠር ሰው በመንገድ ላይ በሚሞትበት አገር ጥብቅ ቅጣት ያስፈልጋል። ከዋለ ካደረ በኋላ የተደረገው ምክክር አስቀድሞ ቢደረግ ግን ከተማው አንድ ቀን በእግሩ ባልሄደ ነበር።

በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሰኔ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ብሔራዊ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፖሊሲን አጸደቀ። እነዚህ ሁለት ውሳኔዎች የተለያዩ ይመስላሉ። ሆኖም ዛሬ የሚገባው አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ የተገጠመለት አሮጌ መኪና አይደለም። ካሜራ አለው፤ መስመሩን ሲስት የሚመልሰው፣ ፊቱ ያለው ሲቆም አብሮ የሚቆም ዓይነትም አለው፤ ሶፍትዌሩም ከአምራቹ አገር በርቀት ሊለወጥ ይችላል። ያለ ሾፌር የሚሄደው መኪና በአንድ ቀን በጉምሩክ በር ይገባል ብለን ከጠበቅን እንሳሳታለን። ቁራጭ በቁራጭ፣ ከመኪናው ጋር ተሸጦ፣ አንዳንዴም መኪናው ከተሸጠ በኋላ በአየር ነው የሚገባው። ለዚህም ነው ሕጉ የሚጠብቀው የድንበር ኬላ የሌለው።

የቀበሌ ነዋሪዎችና የሠራተኛ ማኅበራት በዚህ ውስጥ ምን በር አላቸው? አዋጅ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይወጣል፤ ወደ ቋሚ ኮሚቴ ሲመራ ባለድርሻዎች የሚጠሩበት ውይይት ይኖራል፤ ደንብ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ይወጣል። እውነተኛው ዝርዝር ግን ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው በመመሪያ ውስጥ ነው፤ የትኛው መሣሪያ ይፈቀድ፣ በየትኛው መንገድ፣ በምን ፍጥነት የሚለው ሁሉ። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሥሪያ ቤቶች መመሪያ ከማጽደቃቸው በፊት ረቂቁን ይፋ እንዲያደርጉና የሕዝብ አስተያየት እንዲቀበሉ ያስገድዳል። ይህ በር አለ። ኩባንያዎችና አስመጪዎች በዚህ በር ለመግባት ጠበቃ ይልካሉ። ዕድርና ማኅበር የሚልከው ጸሐፊውን ነው፤ ጸሐፊው ደግሞ የመንገዱን ነገር ከጠበቃው ይበልጥ ያውቃል።

ከሐይቅ የሚነሣ ጸሐፊ ይዞት የሚሄደው ወረቀት አጭር ሊሆን ይችላል። መሣሪያው ግመልን፣ ጋሪን፣ ከዜብራ ውጭ የምትሻገርን ሴትና ክረምት ላይ ጉም ሲወርድ የማይታየውን ልጅ በእኛው መንገድ ላይ ተፈትኖ ለይቶ ያውቃል ወይ? አደጋ ሲደርስ ተጎጂው መጀመሪያ ካሳውን ከመድኑ ያገኛል፣ ባለቤቱና አምራቹ ከዚያ በኋላ እርስ በርሳቸው ይካሰሱ የሚል ሐረግ አለበት ወይ? ከመሪው የሚነሣው ሾፌር ወደ ምን ሥራ፣ በማን ወጪ ይሠለጥናል?

አንድ የቀረ ሰው አለ። በአምባሰል ዳገት ከባድ መኪና ሲያቃስት ዘሎ ወርዶ ከጎማው ኋላ ታኮ የሚያስገባው፣ ጎማ የሚፈታው፣ ሌሊት ጭነት ላይ የሚተኛው ረዳት ነው። በእንግሊዙም ሆነ በጀርመኑ ሕግ ውስጥ ለእርሱ የተሰጠ ስም አላገኘንም። በእነርሱ አገር ስለሌለ አይፈረድባቸውም። እኛ ዘንድ ግን አለ፤ ብዙዎቹ የዛሬ ሾፌሮችም መሪ መጨበጥ የተማሩት ያንን ታኮ ይዘው ነው።